በወንፊት ያለፈ ብርሃን

ሰፈሩ በሙሉ "አትዩ" ብሎ ነው የሚጠራው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሚስቱና ከመታወቂያ ካርዱ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ሥራው ብየዳ ነው፤ በር ይሠራል፣ መስኮት ይሠራል፣ የደረጃ መደገፊያና የውኃ ታንከር መቆሚያ ይሠራል። ሱቁ መንገድ ዳር ናትና አላፊ አግዳሚው ብዙ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ ከመጫሩ በፊት ቀና ይልና "አትዩ" ብሎ ይጮኻል፤ ከዚያ ጭምብሉን ፊቱ ላይ ደፍቶ ሥራውን ይቀጥላል። ሙያውን ከለመደበት ጊዜ ጀምሮ እንዲሁ እንደጮኸ ነው። ጎረቤቱ አናጺው፣ አፉ አርፎ የማያውቅ ሰው፣ "ሠርጉ ዕለትም ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ‘አትዩ’ ብሎን ነበር" እያለ ያማዋል።

ነገሩ ግን ቀልድ የለበትም። የብየዳን ብርሃን በባዶ ዓይኑ ያየ ሰው ለጊዜው ምንም አይሰማውም፤ እየሳቀ ቤቱ ይገባል። ዓይኑ አሸዋ የሞሉበት ይመስል መቆርቆር የሚጀምረው ዘግየት ብሎ ነው። አትዩ ይህን በለማጅነቱ ዘመን በራሱ ዓይን ቀምሶታል። የአንገቱም ቆዳ ጭምብሉ በማይደርስበት በኩል ስንት ጊዜ ተልጧል። ሌላው ሰው ጨለማ ሲፈራ እሱ የሚፈራው ብርሃን ነው ብንል አልዋሸንም።

ልጅ አንዲት ብቻ ናት ያለችው። "አልወለዱም" ተብሎ ከታማ በኋላ የመጣች፣ የዓይኑ ብሌን የሆነች ልጅ። ሚጣ ይሏታል። ምሳ ስታመጣለት እንኳ ወደ ሱቁ ዘው ብላ አትገባም፤ ከመንገዱ ማዶ ቆማ "አባዬ" ትላለች፣ እሱ ማሽኑን ያጠፋል፣ ከዚያ ትሻገራለች። ሕጉ እንዲህ ነው። ሚጣ ጎበዝ ተማሪ ነበረች፤ እሱ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ መዶሻ የጨበጠ ሰው ስለሆነ፣ እሷ ስድስተኛ ክፍል የገባች ቀን ደብተሮቿን አንድ በአንድ እያነሳ ሲያያቸው ዋለ። ከዚህ በኋላ ያለውን መንገድ አላውቀውም፣ እሷ ነች የምትነግረኝ ብሎ ለሚስቱ ነግሯታል።

ሚስቱ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ጠዋት ጠዋት ሚጣን ጉልበቶቿ መካከል አስቀምጣ ታበጥራታለች። የልጅቱ ፀጉር እንዲህ በዋዛ የሚበጠር አልነበረም፤ የማበጠሪያ ጥርስ የሚሰብር፣ እናትን የሚያስረግም ፀጉር ነው። ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ማበጠሪያው መሀል አናቷ ላይ ሲደርስ ሸርተት አለ። እናትየዋ ፀጉሩን ገለጥ ብታደርገው የሳንቲም ስፋት ያላት ክብ ቦታ፣ እንደ እንቁላል የለሰለሰች፣ አንድም ፀጉር የሌለባት። ሳምንትም አልቆየ፣ ሁለተኛዋ መጣች። ከዚያ ሦስተኛዋ ከማጅራቷ ከፍ ብላ።

ሰፈር ውስጥ ደግሞ ሐኪም ያልሆነ ማን አለ? አንዷ ላሽ ነው አለች፣ ሌላዋ ቆረቆር ነው አለች፣ ሦስተኛዋ ዓይን በልቷት ነው ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ነጭ ሽንኩርት እሹበት የሚል መጣ። አሹበት። ቤቱ በሙሉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሸተተ፤ ልጅቱ አለቀሰች፤ ፀጉሩ ግን ወይ ፍንክች።

ትምህርት ቤት ሻሽ አስራ መሄድ ጀመረች። ከዕለታት አንድ ቀን አንዱ ባለጌ ከኋላዋ መጥቶ ሻሹን መነተፋት። ክፍሉ ሳቀ። ይሄም ይሁን፤ አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋ ግን ቦርሳዋን አንስታ ሌላ ወንበር ሄደች፣ ይጋባል ብላ። ሚጣ ቤት መጣች፣ ቦርሳዋን ምስማር ላይ ሰቀለች፣ "ፀጉሬ ካልወጣ ትምህርት ቤት አልሄድም" አለች። አላለቀሰችም። አትዩን ያስፈራው ይኸው አለማልቀሷ ነው። ለምኗታል፣ ተቆጥቷታል፣ አዲስ ጫማ እገዛልሻለሁ ብሏታል። ቦርሳው ከምስማሩ አልወረደም። እሱም ሱቁ ሲሄድ ሲመለስ ዓይኑ የሚያርፈው ያ ቦርሳ ላይ ሆነ።

የቆዳ ሐኪም ቤት የወሰዷት ያን ጊዜ ነው። ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። በትንሽ ማጉያ መነጽር የሚጣን ራስ አንድ በአንድ አየችና በመጀመሪያ የተናገረችው ለልጅቱ ነው። "ቆረቆር አይደለም። ወደ ማንም አይጋባም። አንቺም ያጠፋሽው ነገር የለም።" ከዚያ ወደ አባትየው ዞረች። "ሰውነታችን በሽታ የሚጠብቁ ዘበኞች አሉት። አንዳንዴ እነዚህ ዘበኞች ይሳሳቱና የቤቱን ልጅ ሌባ ነው ብለው ይይዙታል። የፀጉሯን ሥር እየመቱ ያሉት እነሱ ናቸው። ሥሩ ግን አልሞተም፤ ተደብቆ ነው።"

መጀመሪያ ቅባት ሰጠቻቸው። ቅባቱ አልበጀም። በሚቀጥለው ቀጠሮ "እንግዲህ በብርሃን እንሞክር" አለች።

"በምን?" አለ አትዩ።

"በአልትራቫዮሌት ብርሃን።"

ይህችን ቃል አትዩ ያውቃታል። የጭምብሉ ካርቶን ላይ ከማስጠንቀቂያ ምልክት ጎን ተጽፋለች። ለማጅ ሳለ ጌታው ያቺን ቃል በጣቱ እየመታ "ዓይንህን የምታጠፋው ይህች ናት" ብሎታል። "ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ፣ "እኔ ይችን ልጅ ከዚህ ብርሃን ስሸሽጋት ነው የኖርኩት። አሁን በእጄ ይዤ ልስጣት?"

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ብርሃኑ የታመመችው ቦታ ላይ ብቻ እንደሚያርፍ፣ በጥቂቱ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ እንደሚጨመር፣ ዘበኞቹን እንደሚያስታግሥ ነገረችው። "ዋስትና አልሰጥዎትም። ለአንዳንዱ ይሠራል፣ ለአንዳንዱ አይሠራም። ቢሠራም ተመልሶ የሚመጣበት ጊዜ አለ" አለች። አትዩ ሚጣን አያት። ሚጣ ቀድማ ተነስታ ነበር።

የብርሃኑ ክፍል ጠባብ ናት፤ መስኮቷ በጥቁር መጋረጃ ተሸፍኗል። የክፍሏ ባለቤት በዕድሜ ገፋ ያለች ነርስ ናት፤ ሲስተር ነው የሚሏት። ለአባትም ለልጅም መነጽር አደለች፣ የራሷንም አደረገች። አትዩ መነጽሩን እንደ ባለሙያ ገልብጦ አየው፣ ወደ አምፖሉ አቅጣጫ አንስቶ ፈተሸው፣ ከዚያ አጠለቀው። ሲስተሯ ከማሽኑ በወፍራም ገመድ የተያያዘ፣ የእጅ ባትሪ የሚመስል ነገር አነሳችና አፉን የሚጣ አናት ላይ ገጠመችው። አትዩ የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠ። ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ወይን ጠጅ መሳይ ደብዛዛ ብርሃን በዳርና ዳሩ ብቅ አለ፣ እሷም በለሆሳስ ቆጠረች፣ ጠፋ።

"አለቀ?" አለ።

"ይችኛዋ አለቀች። ሁለት ቀሩ።"

ሽታ ፈለገ፣ የለም። ጭስ ፈለገ፣ የለም። ሲያልቅ ጣቱን የልጁ ራስ ላይ አስነካ፤ ለብ እንኳ አላለም። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው ብርሃን የሚጮኽ፣ የሚተፋ፣ የነካውን የሚያቀልጥ ነው። እንዲህ ያለ ዝም ያለ ብርሃን በሕልሙም አይቶ አያውቅ። ወደ ሱቁ ሲመለስ አናጺውን ጠርቶ ነገረው፤ እጁን እያወናጨፈ፣ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነገረው። አናጺው ሰማ ሰማና "ታዲያ ያው የአንተው ዕቃ አይደል? ለምን ‘ፀጉር እናበቅላለን’ ብለህ በርህ ላይ አትለጥፍም?" አለው። አንዳንድ ቀልድ ወድቆ አይቀርም፤ ሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል።

ሕክምናው ቀጠለ። ሲስተሯ በየጊዜው ብርሃኑን በትንሽ በትንሹ ትጨምራለች፤ ቆዳው ቀላ ይላል፣ ይመለሳል። ፀጉር ግን የለም። ቦርሳውም ከምስማሩ አልወረደም። እንዲህ እንዳለ አንድ ቀን ቢሄዱ የክፍሏ በር ተቆልፎ አገኙት። የማሽኑ አምፖል ተቃጥሎ መለዋወጫው ከውጭ ሀገር ይጠበቃል። መቼ? እንጃ።

ሚጣ በመንገድ ሁሉ ሻሿን እያጠበቀች መጣች። ሰፈር ሲደርሱ ነው የተናገረችው። "አባዬ፣ አንተ ጋ ያለው ብርሃን ያው አይደል?"

አትዩ እጇን ይዞ መንገዱን አሻገራት። ግን እሱም እኮ ይህንኑ ሲያስብ ነበር የመጣው። ቃሉ አንድ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ቃል ሐኪሟ የተናገረችው ቃል ነው። ማሽኑ የትም አልጠፋ፣ ሱቁ ውስጥ ነው። ስንት ዓመት ሰው ላይ የሚጮኽ ሰው፣ ያንን ሁሉ የሚያውቅ ሰው፣ ልጁ ስታዝንበት እውቀቱ የት እንደገባ እንጃ።

እሑድ ከሰዓት፣ ጎረቤት ሱቆች ተዘግተው ሳለ፣ አባትና ልጅ ሱቁን ከፈቱ። ቀጭን ላሜራ ቆረጠና መሀሉን የሳንቲም ስፋት አድርጎ በሳው። ጠርዙን እንዳይቧጭር በሞረድ አለሰለሰው። እጁ ጎበዝ ነው፤ ያ ቀዳዳ እንኳ ያምር ነበር። ሚጣ ሻሿን ፈትታ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና "እኔ ዝግጁ ነኝ" አለች።

"ቆይ፣ መጀመሪያ በእኔ" አለ።

ከግድግዳው ኋላ አስቀመጣት። እጅጌውን ሰበሰበ፣ ላሜራውን ክንዱ ላይ አስተኛ፣ ጭምብሉን ደፋ፣ በሌላ እጁ ከላሜራው ከፍ ብሎ በተያዘ ብረት ላይ ኤሌክትሮዱን ጫረ። እንደ ሲስተሯ በለሆሳስ ቆጠረ። ሲጨርስ ክንዱን አየው፤ ምንም የለበትም።

"ምን አለህ?" አለች ሚጣ ብቅ ብላ።

"ምንም።"

"በቃ አሁን እኔ።"

እዚህ ላይ ነው እግዜር የረዳቸው፤ የረዳቸውም በሙያው በኩል ነው። አትዩ አንድ የማይሽረው ልማድ አለው። የበየደውን ብረት ሳይቀዘቅዝ አያስረክብም። ደንበኛው ቢቸኩል፣ ቢለምን፣ ቢሳደብ፣ በሩን ሳያሳድር አይሰጥም። ብረት ሲግል ሁሉም ብየዳ ያምራል፤ ስንጥቁ የሚታየው ሲቀዘቅዝ ነው ይላል። አሁንም አፉ እንደለመደው "ነገ" አለ። ሚጣ ለመነችው፣ አኮረፈችው። "ነገ አልኩ፣ ይደር" አለና ሱቁን ዘጋ።

አመሻሹ ላይ ክንዱ ቀላ። ሲነጋ ያቺ ክብ ቦታ ውኃ ይዛ አብጣለች፤ በኮምፓስ የተሠራች ይመስል ልክክ ያለች ክብ። አትዩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አያት፣ አያት። ከዚያ ያቺን ክብ የልጁ አናት ላይ አሰባት። ሦስት ቦታ። ከአልጋው ወርዶ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ሚስቱ "ምን ሆንክ?" ብትለው ክንዱን ዘረጋላት። እሷም አንዴ ክንዱን አንዴ ግድግዳው ላይ ያለውን ቦርሳ አየችና ነገሩ ገባት። ላሜራውን በዚያው ቀን ቆራርጦ ጣለው።

አምፖሉ ከስንት ጊዜ በኋላ መጣ። በመጀመሪያው ቀን አትዩ ረዥም እጅጌ ለብሶ ሄደ፤ መነጽሩን ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ ግን እጅጌው ሸሸ። ሲስተሯ ክንዱን ያዘችው። የክቧ ምልክት ገና አልጠፋም።

"ይሄ ምንድነው?"

እጅጌውን ሊመልስ ሞከረ። ሲስተሯ በያጅ መሆኑን ታውቃለች፤ ክቧን በጣቷ ለካች፣ ማሽኑ አፍ ላይ ለካች። እስከዚያች ቀን "እርስዎ" ትለው የነበረች ሴት ባንድ አፍታ እንደ ታላቅ እህት ሆነች። "አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ልጅቷንስ?"

"እሷን አልነካኋትም ሲስተር። እስኪቀዘቅዝ ብዬ አሳደርኩት።"

ሲስተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ስማኝ። ያንተ ብርሃን ሁሉንም ቀላቅሎ ነው የሚመጣው። የሚያድነውም፣ የሚያቃጥለውም፣ ዓይን የሚያጠፋውም አንድ ላይ ነው። የኛ ያንኑ ብርሃን በወንፊት እንደመንፋት ነው። ገለባውም ጠጠሩም ቀርቶ አንዲቷ ብቻ ታልፋለች። እሷም ብትሆን በልክ ነው፤ ከበዛች እሷም ታቃጥላለች።"

አትዩ አፉን ከፍቶ ሰማት። "ብርሃን ይነፋል?"

"ይነፋል።"

"ማነው የነፋው?"

"እኔ እንጃ። ሰዎች ናቸው። ስንት ዘመን ለፍተውበት።"

የዚያን ዕለት ሥራ አልሠራም። ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ማሽኑን ሲያየው ዋለ። ለካ ያ ሁሉ ዘመን "አትዩ" እያለ ሰው ሲያባርርበት የኖረው ብርሃን ውስጥ፣ ከዚያ ሁሉ ቁጣና ትፋት መሀል፣ እንዲህ ያለች ገራም ነገር ተደብቃ ነበር። በየቀኑ መንገድ ላይ ሲበትናት ኖሯል፣ ሳያውቃት። ደግሞ ቁጭ ብሎ እሷን ከሌላው የለየ ሰው አለ፤ አይቶት የማያውቀው፣ ልጁን የማያውቃት ሰው። አናጺው መጥቶ "ምን ሆነሃል?" ቢለው "ዝም በል እስቲ፣ እየተገረምኩ ነው" አለው። አናጺውም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መሆን አለበት፣ ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ ነው፣ አንድ ቀን ጠዋት እናትየዋ ማበጠሪያ እንደያዘች "ና እስቲ" ብላ የጠራችው። ድምፅዋ ደስ አይልም። የመጀመሪያዋ ክብ ቦታ ላይ አንድ ነገር በቅሏል፤ ግን ነጭ ነው፤ እንደ ጥጥ ብናኝ የሳሳ። "ሸበተች" አለች እናት። የልጅ አሮጊት አደረጓት ብላ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ሚጣን ይዘው እየተጣደፉ ሄዱ።

ሲስተሯ አየችና ሳቀች። "እንኳን ደስ ያላችሁ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ እንዲህ ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው። ቀለሙ ኋላ ይደርሳል።" የሐኪሟን ማጉያ መነጽር አምጥታ ለአትዩ ሰጠችው። ጎንበስ ብሎ አየ። ባዶ የነበረው ቆዳ ላይ ነጫጭ ፀጉሮች አንድ በአንድ ወጥተው ቆመዋል፤ ጫፋቸው ቀጥ ብሎ፣ ማንም ሳይጎትታቸው፣ ማንም ሳያቆማቸው። እሱ ይህን ሁሉ ዓመት ብረት ሲቀጥል አንድም ብረት በራሱ አድጎለት አያውቅም። ቆርጦ፣ ለክቶ፣ አቅልጦ ካልገጠመው ብረት እንደቆመ ይቀራል። ይሄ ግን ከውስጥ ነው የመጣው። መነጽሩን ሊመልስ ዘርግቶ እንደገና ጎንበስ ብሎ አየ፣ አላፈረበትም። ደስታ ሲበዛ እንደሱ ነው።

ቀለሙ ቀስ እያለ መጣ። ሚጣ ቦርሳዋን ከምስማሩ ያወረደችው ግን ቀለሙን ሳትጠብቅ ነው፤ ሻሽ አስራ ሄደች። ያመለጣትን ትምህርት ስታሳድድ ከረመች። ክቦቹ ሞልተው ሲጠቁሩ ሻሹን ተወችው፤ ማበጠሪያውም እንደ ድሮው ጥርሱን ይነቀል ጀመር።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ማን ይጠላል። ግን አንድ ቅዳሜ አትዩ ሚጣን ራሷን ሲያስታጥባት፣ ከጆሮዋ ኋላ አዲስ ክብ አየ። ትንሽ ናት፣ ግን ያቺው ናት፣ እንቁላሏ። ውኃው ከጆጉ እየፈሰሰ ቀረ። "አባዬ፣ ቀዘቀዘኝ" አለች። "እሺ የኔ እናት" አለና ፀጉሯን አለቃለቀላት፤ የክቧን ነገር አልነገራትም። ለሚስቱ ግን ነገራት፤ ተያይዘው አዘኑ። የትምህርት ቤቷ ፈተና ቀርቧል። ካወቀች ቦርሳውን መልሳ ትሰቅላለች፤ ይህን ጊዜ ደግሞ አታወርደውም። እስከ ቀጠሮው ቀን እንደብቃት ተባባሉ። አትዩ ምግብ አልበላ አለው። ሱቁ ውስጥ ሆኖ የሚነግርበትን ቃል ያዘጋጃል፣ አይጥመውም፣ ያፈርሰዋል።

የቀጠሮው ቀን ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ አትዩ ቆመ። ከዚህ በላይ ሊሸከመው አልቻለም።

"ሚጣዬ፣ አንድ ነገር አለ። እንዳትደነግጪ።"

"ከጆሮዬ ኋላ ያለችው ናት?"

ዞር ብሎ አያት። "አይተሻታል?"

"በጣቴ ነው ያገኘኋት። ያን ጊዜ ራሴን ስታጥበኝ እኮ አውቃት ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተ ትደነግጣለህ ብዬ ነዋ። ምግብ ታቆማለህ።"

አትዩ ጎንበስ አለላት። "ትምህርት ቤትስ?"

"ምን ትምህርት ቤት? በየቀኑ እየሄድኩ አይደል?"

"ያለ ሻሽ?"

"ያለ ሻሽ። አንዷ አየችና ‘ምንድነው?’ አለችኝ። ‘ፀጉሬ ረግፎ ነው፣ አይጋባም’ አልኳት። ከዚያ ሒሳባችንን ሠራን።"

ሰው እየገፋቸው ያልፋል። አትዩ ያቺን ቦርሳዋን ምስማር ላይ ሰቅላ ቤት የከረመች ልጁን ፈለጋት፤ ፊቷ ላይ የለችም። ያደገችበትን ቀን አላየውም፤ አጠገቡ ሆኖ ነው ያለፈው። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ አልጠረገውም።

"ና እንጂ አባዬ፣ ወረፋው ያልፈናል" አለችና ቀድማው ደረጃውን ወጣች። ከኋላዋ ተከተላት። ፀሐይ ነበር፣ ፀጉሯን ወደ ላይ ሰብስባ አስራዋለች፣ ክቧም ከጆሮዋ ኋላ ላላፊ አግዳሚው ሁሉ ወለል ብላ ትታያለች። ሚጣ እጇን እንኳ ወደዚያ አላነሳችም።